ምን አውቅልህ

ማክሰኞ ማታ ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ብትደውሉልኝ አላነሳም። ቤተሰቦቼ ለምደውታል፤ መጀመሪያ ላይ ግን ማኅበር የገባሁ መስሏቸው ነበር። ከማኅበር ብዙም አይለይም። ጽዋ አለው፣ ሙሴ አለው፣ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ አባል በሚቀጥለው ሳምንት ይወቀሳል። የጎደለው ዳቦውና ጸሎቱ ነው፤ የመጨረሻው ዙር ላይ ስንደርስ ግን ከመካከላችን ቢያንስ ሁለቱ ሲጸልዩ አይቻለሁ።

አንድ ሰዓት ስል በእኛ አቆጣጠር ነው። እዚህ አገር ሃያ ዓመት ኖሬ ከሰዓቱ ላይ ስድስት እየቀነስኩ መናገሬን አልተውኩም። ይህችን አመል ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ የምተርከው ጉድ የመጣው ከእርሷ ዘመድ ነው።

ቦታው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ የፈረንጅ መጠጥ ቤት ነው። ዙሪያው የሀበሻ ምግብ ቤትና እንጀራ የሚሸጥበት መደብር ሞልቶ ሳለ እናንተ እዚያ ምን ትሠራላችሁ የሚለን ብዙ ነው። የምንሠራው ጥያቄና መልስ ነው። አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ ይጠይቃል፤ በየጠረጴዛው ያለው ቡድን ተመካክሮ መልሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ያስረክባል። አምስት ዙር አለው፣ በየዙሩ አስር ጥያቄ። ቡድኑ ከስድስት ሰው መብለጥ የለበትም። ስልክ ሲነካካ የተያዘ የዙሩን ነጥብ በሙሉ ያጣል። አንደኛ የወጣ የ50 ዶላር ኩፖን ይሸለማል፤ ኩፖኑ የሚሠራው እዚያው ቤት ስለሆነ ገንዘቡ ከበሩ አይወጣም። ባለቤቱ ሞኝ አይደለም።

ነገሩ የተስፋፋው በ1970ዎቹ እንግሊዝ አገር ነው። ሰኞና ማክሰኞ ገበያ ስለሚቀዘቅዝ መጠጥ ቤቶቹ ወንበር መሙያ ብልሃት ፈለጉ፤ ጥያቄ ከዘፋኝ ይረክሳል። እኛ ግን ይህን የተማርነው ከእንግሊዝ አይደለም። እሳት ዳር ተቀምጠን «እንቆቅልህ» ስንባል «ምን አውቅልህ» ስንል ያደግን ሰዎች ነን። ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው ማነው? ወንዝ። ትንሽ ሆና ቤት የምትሞላው? መብራት። ያላወቀ ደግሞ «ሀገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎጃምን ይሰጣል፣ ጎንደርን ይሰጣል፣ ጠያቂው ካልጣመው «ሌላ ጨምር» ይለዋል። ሀገሩን ከተረከበ በኋላ እንደ ባላባት ተኮፍሶ፣ ያላወቀውን ምስኪን እንደ ልቡ ሰድቦ፣ በመጨረሻ መልሱን ይናገራል። እዚህ ያላወቀ ነጥብ ብቻ ነው የሚቀርበት። ነርሷ ጓደኛችን ይህን ሳነሳባት፣ «እኛማ ሀገራችንን አስቀድመን ሰጥተን ነው የመጣነው፤ ምን ቀርቶን» ብላ ስቃብኛለች።

እንዴት እንደጀመርን ልንገራችሁ። ከቀብር መልስ ነበር፤ የሁላችንም ወዳጅ የሆነ ሰው ቀብረን ለቤተሰቡ እዝን አድርሰን ስንወጣ ዝናቡ ወረደ። ከፊታችን ያገኘነው በር ይህ ነበር። ጥቁር ልብስ የለበስን አምስት ሀበሾች ጥግ ላይ ተቀመጥን። ገና ኮታችንን ሳናወልቅ አንድ ጎልማሳ መጥቶ ወረቀትና እርሳስ አስቀመጠልንና የቡድናችንን ስም ጠየቀ። ጋሼ የምግብ ዝርዝር መስሏቸው ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። ሰውየው ደግሞ ጠየቀ። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፣ በተሰላቸ ድምፅ፣ «ምን አውቅለታለሁ እኔ፤ ምን አውቅልህ በለው» አሉ። የነርሷ ልጅ እንዳለ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈው። ከዚያ ወዲህ ስማችን ይኸው ነው። አጫዋቹ በየሳምንቱ በተለየ መንገድ ይሰብረዋል፤ አንድ ጊዜ የጃፓን ምግብ ያስመሰለው ትዝ ይለኛል።

ያን ምሽት ከአስራ አንድ ቡድን አስረኛ ወጣን። አስራ አንደኛው ቡድን በመካከል ተጣልቶ የሄደ ነው።

ጋሼ ደብረ ብርሃን ላይ ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር። እዚህ መጥተው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ሲቆርጡ ኖሩ። አንዲት ቢራ አዝዘው ሙሉውን ምሽት ያቆዩዋታል። ነርሷ ሰውነትን፣ በሽታንና መድኃኒትን ትመልሳለች፤ የሌሊት ተራ ሲደርሳት ከሦስተኛው ዙር በኋላ ትሄዳለች፣ እኛም እንደ ሥጋ የለሽ ወጥ እንሆናለን። ልጇ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እዚህ ነው የተወለደው፤ አማርኛ ይሰማል፣ ሲናገር ግን ቃላቱን እንደ ዳገት ይወጣቸዋል። የሒሳብ ባለሙያው ጓደኛችን እግር ኳስ ይይዛል። እኔ የሁሉንም ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ፤ ማለትም ሁለት መልስ ቀርቦ አንዱን መምረጥ ሲያስፈልግ ሌላኛውን እመርጣለሁ።

የማንችለው ዙር አለ። እነሱ «ያለፉት ዘመናት» ይሉታል፤ በ1980ዎቹ ልጅ የነበሩ አሜሪካውያን በቴሌቪዥን ያዩት ሁሉ ነው። የቁርስ እህል ማስታወቂያ ዜማ፣ የተቋረጠ ከረሜላ ስም፣ በአንድ ተከታታይ ድራማ ውስጥ የጎረቤትየው ውሻ። አጫዋቹ የዜማውን ሦስት ኖታ ብቻ ያሰማና ያቆማል። በዚህ ጊዜ ቤቱ በሙሉ ፈገግ ይላል። ሰው እርሳስ ከማንሳቱ በፊት ነው የሚስቀው፤ መልሱን ፈልጎ የሚያመጣው ከጭንቅላቱ ሳይሆን ከእናቱ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ነው። እኛ አምስታችን እርስ በርስ እንተያያለን። ልጁ እንኳን ያንን ዘመን አይደርስበትም። አንድ ቀን ጋሼ ወረቀቱ ላይ ምንም ካለመጻፍ ብለው አስሩንም ጥያቄ «ውሻ» ብለው ሞሉት፤ አንድ አገኘን።

ሃያ ዓመት ግብር ከፍዬ፣ ዜግነት ወስጄ፣ በፈተናው ላይ የቀረበልኝን የመንግሥት ጥያቄ ሁሉ መልሼ፣ እንደዚያ ዙር እንግዳነቴን ያስታወሰኝ ነገር የለም። ቅሬታ አይደለም። እኔስ አጫዋቹን አስቀምጬ የሬዲዮ የእሁድ ጠዋት መግቢያ ሙዚቃ ባሰማው፣ ወይም «ሰልፍ ላይ ባንዲራ ሲሰቀል የማን እጅ ነበር የሚንቀጠቀጠው» ብዬ ብጠይቀው ምን ይለኛል?

በአንጻሩ የዓለም ካርታ ሲመጣ ጋሼን ማየት ነው። ጥያቄው ሳያልቅ ጣታቸው ጠረጴዛውን ይመታል። «ከ1984 በፊት ላይኛው ቮልታ ይባል የነበረው አገር ዋና ከተማ?» ሲባል፣ ጋሼ ዋጋዱጉ የምትለውን ቃል እንደ ማር ቀስ አድርገው አወጧት። የድሮውን ስም ከአዲሱ ጋር ያውቃሉ፤ ዛየርን፣ ሮዴሽያን፣ ሴሎንን። እኔ የሚገርመኝ ማወቃቸው አይደለም። ይህን ሁሉ ዓመት ማንም ያልጠየቃቸውን ነገር እንዲህ አቧራ ሳይነካው ማቆየታቸው ነው። መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ትኬት እየቆረጡ፣ ለማን ነበር የሚያስጠኑት?

አንድ ጊዜ ብቻ ጣታቸው ሲዘገይ አይቻለሁ። «የባህር በር ከሌላቸው አገሮች በሕዝብ ብዛት አንደኛው የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር። ልጁ በደስታ ዘለለ፤ «ጋሼ፣ እኛ ነን!» አለ። ጋሼ አልመለሱም። እርሳቸው ያንን ካርታ በጠመኔ ሲስሉ ከምጽዋና ከአሰብ ጋር ነበር፤ ተማሪዎቻቸው የቀይ ባህርን ዳርቻ ከነኩርባው በቃል ይስሉ እንደነበር ብዙ ጊዜ ነግረውናል። ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ስትሆን እርሳቸው የመጨረሻ ዓመታቸውን እያስተማሩ ነበር። ወረቀቱን ወደ ልጁ ገፉለትና «አንተ ጻፈው» አሉ። ልጁ ጻፈ፤ ነጥቡን አገኘን፤ ያን ዙር ጋሼ ሌላ ጥያቄ አልመለሱም።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

ከሌሎቹ ቡድኖች የምንበልጥበት አንድ ነገር ነበረን፤ ሹክሹክታ አያስፈልገንም። ሌላው አንገቱን ቀብሮ፣ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሲመካከር፣ እኛ በአማርኛ በሙሉ ድምፅ እንከራከራለን። ጋሼ የመምህር ድምፅ አላቸው፤ የመጨረሻው ወንበር ድረስ የሚሰማ። ይህ እንደ ምሽግ ሆኖ አገልግሎናል። ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ፣ አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ የሚመስሉ ስድስት ወጣቶች፣ ለአራት ሳምንት ያህል በጂኦግራፊ ዙር ከእኛ እኩል ነጥብ ሲያመጡ «ጎበዞች ናቸው» ብለን አለፍነው።

የዚያ ማክሰኞ አራተኛ ዙር ስፖርት ነበር። ሰባተኛው ጥያቄ ሁለት ነጥብ አለው ተባለ። «በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው አትሌት ማነው? ውድድሩስ የተካሄደው በስንት ዓመት ነው?»

አራታችንም ቀና አልን። አጫዋቹ ራሱ ወደ እኛ አይቶ ፈገግ አለ። እንዲህ ያለ ቀን በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ነርሷ «እልል» ልትል ምንም አልቀራትም። የአበበ ቢቂላን ስም ጋሼ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ጻፉ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ግን የሒሳብ ባለሙያው እጃቸውን ያዘ።

«ሃምሳ ሦስት ነው» አለ።

«ሃምሳ ሁለት» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ሃምሳ ሦስት ነው። የግርግሩ ዓመት ነው። አባቴ ሁልጊዜ ሲናገር፣ የአበበ ወርቅ ሳይቀዘቅዝ ክቡር ዘበኛ ተነሳ ይል ነበር።»

«ግርግሩ ታኅሣሥ ላይ ነው። ሩጫው የተሮጠው ጳጉሜን አምስት ቀን ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! እኛ የሰማነው በማግስቱ ነው፤ አበባዬሆሽ የሚሉት ልጆች በር ላይ ቆመው ሳለ አባቴ ከገበያ መጥቶ ነገረን። እኛ የሰማነው በሃምሳ ሦስት፣ እርሱ የሮጠው በሃምሳ ሁለት።»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። ስለዚያ ሩጫ ብዙ አንብቤአለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም። ጋሼ ልክ ናቸው አልኩ፤ ሩጫው የተጀመረው ሮም ላይ አመሻሽ ነው፣ ያለቀውም ከጨለመ በኋላ ነው፣ የጣሊያን ወታደሮች መንገዱን በችቦ ያበሩ ነበር፤ እርሱ ሲገባ አዲስ አበባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል፣ አዲሱ ዓመት ሊገባ ጥቂት ሰዓት ቀርቶታል። ቀጠልኩ። ስለ አክሱም ሐውልት ነገርኳቸው፤ ፋሺስቶቹ በ1937 ወስደው ሮም ላይ ያቆሙትን። አበበና ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው ሲያዩት ሐውልቱን ምልክት አድርገውት ነበር፤ አበበ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት የሄደው እዚያ ጋ ሲደርስ ነው። የመለያ ቁጥሩ 11 ነበር። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር የገባው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው። ሐውልቱ በ2005 አገሩ ተመልሶ በ2008 ተተክሏል። ይህን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እየተናገርኩ፣ ዓይኔ ጋሼ ወረቀቱ ላይ በጥንቃቄ የጻፏት 1952 ላይ አርፎ፣ ምንም ቅር አላለኝም። የሒሳብ ባለሙያው ተሸነፈ፤ በማስረጃ ስለተሸነፈ አላኮረፈም። ነርሷ «በሉ ስጡት፣ ሰዓቱ አለቀ» አለች። እኔው ራሴ ወስጄ አስረከብኩ። እየሄድኩም ደረቴ ትንሽ ነፋ ያለ ይመስለኛል።

ልጁ የዶሮ ክንፍ ሊያዝዝ ሄዶ ነበር። ሲመለስ፣ «ምን ነበር ጥያቄው?» አለ። ነገርነው። «ቀላል ነው፤ 1960» አለ።

የሆነብንን የተረዳነው አንድ ላይ አይደለም። መጀመሪያ ነርሷ ናት እጇን አፏ ላይ ያደረገችው። ጋሼ መጨረሻ ነበሩ።

አጫዋቹ መልሶቹን ሲያነብ ብዙው ጠረጴዛ 1960 ብሏል፤ ሁለት ቡድን 1964 ጽፏል፣ ያ ቶኪዮ ነው፣ ያን ጊዜ አበበ ጫማ ነበረው። «የሚገርመው ግን» አለ አጫዋቹ፣ «ሁለት ቡድኖች 1952 ብለዋል። እርሱ ሄልሲንኪ ነው።»

ሁለት?

ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ አንዲት ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት የምግብ ዝርዝሩን ፊቷ ላይ ደግፋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ባልደረቦቿ ግራ ተጋብተው ያዩዋታል። ዝርዝሩን ዝቅ ስታደርግ ዓይኗ በሳቅ እንባ ሞልቷል። ከዚያ በጠራ የአዲስ አበባ አማርኛ፣ «ይቅርታ ጋሼ» አለች።

አራት ሳምንት! ዋጋዱጉን፣ የባህር በሩን፣ ጋሼ ስለ አጫዋቹ ጫማ የተናገሩትን ሳይቀር። እኔ ያን ጊዜ የተናገርኩትን ሁሉ በሐሳቤ እየፈተሽኩ ስለነበር ጋሼ ሲነሱ አላየሁም። ወንበራቸውን ይዘው ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ሰረቅሽ ወይስ አወቅሽ?»

«ሌላ ሌላውን ሰርቄአለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ይሰማል» አለች። «ይህን ግን አውቄው ነው ጋሼ። እርስዎ ሃምሳ ሁለት ከማለትዎ በፊት ጽፌዋለሁ። አባቴ በየዓመቱ ጳጉሜን አምስት ማታ ያወራልን ነበር። እነዚህ 1960 ነው ሲሉኝ እኔ ነኝ እሺ ያላልኩት። የሀገሬን ነገር ልታስተምሩኝ ነው ወይ ብዬ ተቆጣኋቸው።»

እውነቷን ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ ቡድናችን አልተስማማም። ነርሷ አታምናትም። ጋሼ ያምናሉ። አባቷ የየት ሰው እንደሆኑ ጠየቋት፣ በሕይወት እንዳሉም ጠየቋት፤ የለም አለች። «ነፍስ ይማር» አሉና ትንሽ ቆይተው ወደ አጫዋቹ ሄዱ። እኔ ተከትያቸው ሄድኩ፤ ለአስተርጓሚነት አይደለም፣ እንግሊዝኛቸው ከእኔ ይሻላል። አስረዱት። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከእናንተ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይዘገያል፣ ዓመቱ አስራ ሦስት ወር አለው፣ አስራ ሦስተኛው ወር አምስት ወይም ስድስት ቀን ነው፣ ያ ሰው የሮጠው በዚያች አጭር ወር የመጨረሻ ቀን ነው፤ ስለዚህ 1952 ስህተት አይደለም፤ ጥያቄህ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አልተናገረም። አጫዋቹ በትሕትና አዳመጠ። አስራ ሦስት ወር የሚለውን ደግመው እንዲነግሩት ጠየቀ። ከዚያ ነጥቡን ከለከለን። ለሁለቱም ቡድን አንድ አንድ ቢራ ጋበዘ፤ የጋሼን የጠጣሁት እኔ ነኝ።

ያችን ማታ በአንድ ነጥብ ተበልጠን ሁለተኛ ወጣን። ከዚያ በላይ ቀርበን አናውቅም።

ሴትዮዋን እኛ ዘንድ እንድትቀመጥ ለመናት፤ ስድስተኛ ቦታ አለን። እምቢ አለች። ባልደረቦቿን ጥላ መምጣት አልፈለገችም፤ ደግሞም፣ አለች እየሳቀች፣ እዚህ ሆና በነጻ ይደርሳታል። ስለዚህ ምሽጋችን ፈርሷል። እንደ ሌላው ሰው አንገታችንን ቀብረን እንንሾካሾካለን፤ ጋሼ ግን ሹክሹክታ አልተፈጠረላቸውም፣ ሲንሾካሾኩ ጭራሽ የበለጠ ይሰማል። ለቁጥር ሌላ ዘዴ አወጡ። መልሱን በናፕኪን ላይ በግዕዝ አኃዝ ጽፈው ያሳልፋሉ። አዲስ አበባ ያደገ የሠላሳ ዓመት ሰው የግዕዝ ቁጥር ከሩቅ አያነብም ባይ ናቸው።

ዘዴው አንድ እንከን አለው፤ ጸሐፊያችን ልጁ ነው። ሁለት ማክሰኞ ሙሉ ናፕኪን እየሰበሰበ ቤቱ ወስዶ አጠና። ባለፈው ሳምንት «ማሊን ስንት አገሮች ያዋስኗታል?» ተባለ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ቆጠሩ፤ አልጄሪያ፣ ኒጀር፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ኮትዲቯር፣ ጊኒ፣ ሴኔጋል፣ ሞሪታኒያ። ናፕኪኑ ላይ ፯ ብለው ጽፈው ገፉለት። ልጁ አተኩሮ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ በልበ ሙሉነት 6 ብሎ ጽፎ አስረከበ።

ከጎናችን ያሉት 7 ብለዋል። እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅንም። ጋሼ ግን መልሱ ሲነበብ አልተቆጡም፤ ሌላ ናፕኪን ጎትተው ፮ንና ፯ን ጎን ለጎን ጻፉና እግራቸው የሚለያይበትን ቦታ በእርሳሱ ጫፍ እየነኩ ያሳዩት ጀመር። አጫዋቹ የሚቀጥለውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበበው። ማናችንም አልሰማንም።